ያረጀ የኮምፒዩተር ጨዋታ እንዴት ይታደሳል

ቤት ሲያረጅ ክዳኑ ያፈሳል፤ ልብስም ብል ይበላዋል። የኮምፒዩተር ጨዋታ እርጅና ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጨዋታው በተሠራበት ቀን እንደ ነበረ ይኖራል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ስለሚለወጥ፥ ከጥቂት ዘመን በኋላ በዐዲሱ ላይ አልከፈት ይላል፤ ቢከፈትም ሥዕሉ ደብዝዞ ይታያል። አባት በጕብዝናው የወደደውን ጨዋታ ለልጁ ሊያሳይ ቢፈልግ፥ አስቀድሞ የሚያድሰው ባለሙያ መገኘት አለበት።

ለዚህ ነገር ማስረጃ ይሆነን ዘንድ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» የተባለውን ጨዋታ ኹለተኛ ክፍል እንመልከት። ይህ ጨዋታ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት፥ ኤንሴምብል ስቱዲዮስ በተባለ ድርጅት ተሠርቶ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ወጣ። ተጫዋቹ እንጨት ያስቈርጣል፤ እህል ያሳርሳል፤ ከተማ ቈርቍሮ ሠራዊት ያሰልፋል። በ2015 ኢትዮጵያውያንም ስለ ተጨመሩበት፥ ሾተል የታጠቁ ወታደሮች በአማርኛ ሲመልሱ መስማት፥ የዮዲትንም ታሪክ መጫወት ተችሏል።

በቀድሞው ጨዋታ ሥዕሉ በ256 ቀለም ብቻ የተሠራ ሲሆን፥ የስክሪኑ ስፋት 800፥ ቁመቱም 600 ነጥብ ቢሆን ይበቃ ነበር። ዛሬ 3840 በ2160 ነጥብ ያለው ስክሪን ስላለ፥ የነጥቡ ብዛት ከ17 እጅ በላይ አድጓል። ትንሹን ሥዕል ማግነን ጡብ የተደረደረ ያስመስለዋል እንጂ አያሳምረውም። ስለዚህ በ2019 የወጣውን እድሳት የሠሩት ሰዎች ወታደሩንም ግንቡንም እንደ ገና ሠሩት። (ከእነርሱም ዋነኞቹ አስቀድሞ ጨዋታውን በመውደድ ብቻ በትርፍ ጊዜያቸው ይጨምሩበት የነበሩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ድርጅት በ2009 ተዘግቶ ነበር።)

ከባዱ ግን የማይታየው ክፍል ነው። ጨዋታው ሲፈጠር ስምንት ሰዎች በቀጭን የስልክ መስመር ተገናኝተው እንዲዋጉ ታስቦ ነበር። የእያንዳንዱን ወታደር ስፍራ በዚያ መስመር መላክ ስለማይቻል፥ የሚላከው የተጫዋቹ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ጦርነቱን እያንዳንዱ ኮምፒዩተር ለየራሱ ያሰላዋል። ስሌቱ በአንዲት ቍጥር ቢለያይ፥ በአንዱ ቤት ፍላጻው የገደለው ሰው በሌላው ቤት ቆሞ ይሄዳል፤ ጨዋታውም ይፈርሳል። እንግዲህ አዳሹ የነካካው ኹሉ ያስፈራዋል። ከዚህም ሌላ የነባር ተጫዋች እጅ የድሮውን ፍጥነት ለምዷል፤ በ2019 እድሳቱ ሲወጣ ወታደሮቹ መንገድ የሚመርጡበት አኳኋን እንደ ቀድሞው አይደለም የሚል ቅሬታ ተሰምቷል።

ዳዊት በዐዲስ ብራና የሚገለብጥ ጸሓፊ ሐረጉን ቢያስጌጥ ይመሰገናል፤ ቃሉን ግን አይለውጥም። ብሊዛርድ የተባለው ድርጅት የ1998ቱን «ስታርክራፍት» በ2017 ሲያድስ እንዲሁ አደረገ፤ ስሌቱን ትቶ ሥዕሉን ለወጠ፤ ተጫዋቹም አንድ ቍልፍ ሲነካ አሮጌው ሥዕል ይመለስለታል። ይህንኑ አካሄድ እኛ እጅግ እንወደዋለን። ያው ድርጅት በ2020 «ዋርክራፍት 3»ን ሲያድስ ግን፥ አሮጌውን የገዙት ሳይቀሩ ወደ ዐዲሱ እንዲገቡ ተደረጉ፤ የውድድሩ የደረጃ መዝገብም ጐድሎ ተገኘ። ብዙ ሰው ስለ ተቈጣ፥ ድርጅቱ ለጠየቁት ገንዘባቸውን መለሰ።

ወደ ፊተኛው ጨዋታ ስንመለስ፥ የ2019ኙ እድሳት እጅግ የጐሉትን ሥዕሎች ለብቻቸው አድርጎ ያለ ዋጋ ስለሚሰጥ፥ ኮምፒዩተሩ ደካማ የሆነበት ቤተ ሰብ እነርሱን ትቶ መጫወት ይችላል።