ከባሕር ማዶ የሠለጠነ ሐኪም በቶጎጫሌ፦ ስለ ባህል ትውውቅ ሥልጠና

መግቢያ

በየካቲት 1970 ዓ.ም. በጅግጅጋ አቅራቢያ የተካሄደው የካራማራ ውጊያ ካበቃ በኋላ፣ ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከው ነበር። ከእነርሱም መካከል በስፓኒሽ ቋንቋ ሕክምና ተምረው ሐኪም የሆኑ ይገኛሉ። ዛሬም በልዩ ልዩ አገሮች ተምረው የሚመለሱ ሐኪሞችና ነርሶች አሉ። የቀሰሙት ሳይንስ በየትም ቦታ አንድ ቢሆንም፣ ሳይንሱ ወደ ሕመምተኛው የሚደርስበት መንገድ ግን ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቁት የጤና ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ምልመላ የአሠራር ደንብም ለመጤ ባለሙያዎች ተገቢ የማስተዋወቂያ ሥልጠና እንዲሰጥ ያሳስባል። ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ርቃ በሶማሌላንድ ድንበር ላይ ለምትገኘው ቶጎጫሌ የሚመደብ ባለሙያ ይህ ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ ከሃቫናም ይምጣ ከጎንደር።

ቃላትና ወቅቶች

ሥልጠናው በቋንቋ ይጀምራል። ሶማሊኛን በጥቂት ሳምንታት አቀላጥፎ መናገር ባይቻልም፣ የሕመም ስሞችን ማወቅ ግን ይቻላል። ቀንዶ ትኩሳት፣ ዐጋርሾው የዓይን ቢጫ መሆን የሚታይበት የጉበት ሕመም፣ ቃሖ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ቃሖ የሚለው ቃል በሕመምተኛውና በቤተሰቡ ላይ ነውር ሊያስከትል ስለሚችል፣ በሰው ፊት የተጠየቀ ሕመምተኛ “ሳል ብቻ ነው” ብሎ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ለብቻ መቅረብ አለበት፤ የዘበኛ ወይም የሕፃን አስተርጓሚነትም አይመከርም።

የጊዜ አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። በአብዛኛው የሶማሌ ክልል ዋናዎቹ የዝናብ ወቅቶች ጉ እና ደይር ሲሆኑ፣ በጅግጅጋና በሰሜኑ አካባቢ ግን ድራዕ እና ከረን ናቸው። ከረን የሚገባው በሐምሌ አጋማሽ ገደማ ነው። በመሆኑም የመጨረሻ የወር አበባዋን “ከረን ሲገባ” ያየች እናት የመውለጃ ጊዜዋ ሚያዝያ ማብቂያ አካባቢ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሐኪም የእርግዝናውን ዕድሜ በወራት ሊስት ይችላል።

በምጥ ሰዓት

አንዲት እናት ምጥ ይዟት በሌሊት ጤና ጣቢያ ደረሰች እንበል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ የሶማሌ ክልል ሴቶች 99 በመቶው ተገርዘዋል። ተቆርጦ የሚሰፋበት ግርዛትም በክልሉ በስፋት ይገኛል። ስፌቱ የማኅፀን በር መከፈቱን በጣት መርምሮ ለማወቅ ያዳግታል። ይህን አይቶ የማያውቅ ሐኪም “ያለ ቀዶ ሕክምና አትወልድም” ብሎ ወደ ጅግጅጋ ሊልካት ይችላል። የሠለጠነ ባለሙያ ግን ማደንዘዣ ሰጥቶ ጠባሳውን በመሐል መስመሩ ይከፍታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያም ይህንኑ ይመክራል። ከወሊድ በኋላ ሁለቱ ጠርዞች ለየብቻቸው ይሰፋሉ እንጂ መልሰው አይጋጠሙም። ቤተሰቡ ተመልሶ እንዲዘጋ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ጉዳዩን አስቀድሞ በእርግዝና ክትትል ወቅት ማስረዳት ይበጃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ብልት መስፋትን በአንቀጽ 566 እንደሚያስቀጣም መግለጽ ይገባል።

በእርግጥ ቀዶ ሕክምና አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ውሳኔው በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የእናቲቱ ብቻ አይደለም፤ ባልና ሽማግሌዎች ይመክሩበታል። ፍርሃታቸውን ካለማወቅ የመነጨ ነው ብሎ ማጣጣል ስሕተት ነው። አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የወለደች አርብቶ አደር የሚቀጥለው ምጧ ከሆስፒታል ርቃ ቢይዛት ማኅፀኗ ሊተረተር ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሥጋት ተቀብሎ ስለ ቀጣዩ እርግዝና ጭምር ከተነጋገረ ስምምነቱ ይፋጠናል፤ በተቆጣ ቁጥር ግን የሚባክነው የእናቲቱና የሕፃኑ ጊዜ ነው።

የሥልጠናው አሰጣጥ

ባህልን እንደ መድኃኒት ዝርዝር ማስጠናት አደጋ አለው። በቶጎጫሌ አርብቶ አደሩም፣ ነጋዴውም፣ ከድንበር ማዶ የመጣውም ይታከማል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አያስብም። አርተር ክላይንማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ለዚህ ይረዳሉ፦ ሕመሙን ምን አመጣው ይላሉ? በጣም የሚያስፈራዎ ምንድን ነው? ከሕክምናው ምን ይጠብቃሉ? በእሳት መተኮስና ቁርኣን ማስቀራት ተሞክረው እንደሆነም ያለ ነቀፌታ መጠየቅ ይገባል።

አሠልጣኞቹም ሩቅ አይደሉም። የአካባቢው አዋላጅ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የሃይማኖት አባቶችና የወለዱ እናቶች በቂ እውቀት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ሥልጠናውን ለማስተባበር አመቺ ተቋም ነው።

ማጠቃለያ

የባህል ትውውቅ ሥልጠና የጨዋነት ትምህርት ብቻ ሳይሆን የሕክምና ክህሎት አካል ነው። ውጤቱም የሚለካው በምስክር ወረቀት ሳይሆን፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ሊወስድ በመመለሱ፣ እናቲቱም ለሁለተኛው ልጇ እዚያው ጤና ጣቢያ በመምጣቷ ነው።