ትንንሾቹ ወታደሮች ምን ይመሰክራሉ?

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ እንግሊዝ አገር ሄጄ፣ ሊድስ ከተማ የሚኖር የሕግ ፋኩልቲ ጓደኛዬ ቤት አራት ቀን ሰነበትኩ። ባሳረፈኝ ክፍል ውስጥ፣ አልጋው ሥር የጫማ ካርቶኖች በሰልፍ ተደርድረዋል። ጫማ መስሎኝ አንዱን ብከፍተው፣ የአውራ ጣት ግማሽ የሚያህሉ ሠላሳ ያህል ወታደሮች ጋሻና ጠበንጃ እንደያዙ አፈጠጡብኝ። ጓደኛዬ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ቀስ ብለህ ያዝ፤ የራስ መንገሻ ጦር ነው» አለኝ።

ሃምሳን ያለፈ ሰው በአሻንጉሊት ሲጫወት ማየት መጀመሪያ አሳቀኝ። መሳቄን የተውኩት በሁለተኛው ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ፣ በአንድ ወቅት በእውነት የተካሄደን ጦርነት መርጠው የሁለቱንም ወገን ሠራዊት በትንንሽ ቅርፅ የሚሰበስቡ፣ በእጃቸው ቀለም የሚቀቡና በጠረጴዛ ላይ የሚያዋጉ ሰዎች አሉ። ቅርፆቹ ከእርሳስና ከቆርቆሮ ቅይጥ ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። በብዛት የሚታወቀው መጠን 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቦታና ገንዘብ የሚያጥረው 15ን፣ ሲብስበትም 6 ሚሊ ሜትርን ይመርጣል። ወታደሮቹ በሜትር እየተለካ ይራመዳሉ፤ ተኩሱ መታ ወይስ ሳተ የሚለውን ዳይስ ይወስናል። ሕጉ በመጽሐፍ የታተመ ነው፤ በትርጉሙ ላይ የሚነሣው ክርክርም ከሰበር ችሎት አይተናነስም።

አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው ግን በቅቡ ላይ ነው። ቅርፁ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ የቀረበት ትርፍ ጠርዝ በሞረድ ይስተካከላል፤ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያም አንድ ዙር መነሻ ቀለም ይረጫል። የእኛ አገር ብረት ቀቢ በሩን ቀለም ከማልበሱ በፊት አንቲረስት እንደሚቀባው ማለት ነው። ልብሱ፣ ቆዳውና መሣሪያው በየቀለሙ ከተቀባ በኋላ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም ይፈስበታል። ይህ ቀለም በልብሱ እጥፋት ውስጥ ሲጠራቀም ጥላ ይሆናል። ጉብ ያለው ቦታ እንደገና ፈካ ባለ ቀለም ይነካል፤ በመጨረሻ ቫርኒሽ ይለብሳል። ጓደኛዬ ለአንዱ ወታደር አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በእሱ ስሌት አንድ ቅርፅ ሃምሳ ሰው ይወክላል፤ በዓድዋ የተሰለፈው የኢትዮጵያ ጦር 100,000 ገደማ ከሆነ 2,000 ቅርፅ፣ ማለትም 2,000 ሰዓት ያስፈልጋል። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ገና ግማሹ ላይ ነው።

የዚህ ነገር አባት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1812 ራይስቪትስ የተባለ የፕሩሺያ ባሮን ጦርነት የሚለማመዱበት ጠረጴዛ ለንጉሡ አቀረበ፤ መድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ በ1824 ሕጉን አሻሽሎ አሳተመው። የጊዜው ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሙፍሊንግ ከተመለከተው በኋላ ለመላው ሠራዊት እንዲዳረስ ደገፈ። ለሲቪሉ ያወረደው ደግሞ ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ነው፤ በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ ወለል ላይ ተንበርክኮ በአሻንጉሊት መድፍ መዋጋትን አስተማረ። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ እውነተኛው ጦርነት መጣ።

የሕግ ሰው ልብ የሚሰቅለው ታሪክ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ዊልያም ሲቦርን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1830 የእንግሊዝ ጦር ይህን መኮንን የዋተርሎውን ጦርነት ሞዴል እንዲሠራ አዘዘው። ሲቦርን በ1815ቱ ውጊያ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ምን አደረገ? በጦር ሜዳው መሐል ባለችው ላ ኤ ሴንት በተባለች የገበሬ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን ለካ። ቀጥሎ በሕይወት ላሉት መኮንኖች ደብዳቤ ጻፈ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የናፖሊዮን ክብር ዘበኛ የመጨረሻውን ጥቃት ሲሰነዝር፣ አንተ የት ነበርክ? ፊት ለፊትህ የነበረው ጠላት እንዴት ተሰልፎ ነበር? የቆምክበት ማሳ ላይ ምን ሰብል ነበር? እኔ በሰብሉ ጥያቄ በጣም ተደንቄያለሁ። ምስክር ስለ ጀግንነቱ ሊያጋንን ይችላል፤ ስለ ረገጠው አጃ ግን የሚያጋንንበት ምክንያት የለውም።

በ1833 መንግሥት ገንዘብ አልሰጥም አለው። ተበድሮ ቀጠለ። በ1838 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ሞዴል ወደ 75,000 የሚጠጉ ቅርፆች ነበሩበት፤ እያንዳንዱ ሁለት ሰው ይወክላል። ጣጣው የመጣው ከፕሩሺያውያኑ ነው። ምስክሮቹና ከበርሊን የተላከለት መረጃ እንደሚሉት፣ በዚያች ሰዓት የፕሩሺያ ጦር በፈረንሳይ ጎን ላይ በብዛት ገብቶ ነበር። ሞዴሉን ያየ ሁሉ ድሉ የሁለት ጦር መሆኑን በዓይኑ ያያል። ይህ ደግሞ የዌሊንግተንን መስፍን አላስደሰተም፤ ፕሩሺያውያኑ በዚያች ሰዓት ያን ያህል አልቀረቡም የሚል መልእክት በባለሥልጣናት በኩል ደጋግሞ ደረሰው። ሲቦርን ለረጅም ጊዜ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ብዙ የፕሩሺያ ቅርፆችን ከሞዴሉ ላይ አነሣ። የታሪክ ጸሐፊዎች በመስፍኑ ዓላማ ላይ ዛሬም አልተስማሙም። ሲቦርን ግን ዕዳውን ሳይወጣ በ1849 ሞተ። የመኮንኖቹን ደብዳቤዎች ልጁ በ1891 አሳተማቸው፤ ዛሬ ዋተርሎውን የሚጽፍ ሁሉ እነሱን ይገልጣል።

ሞዴሉ ለንደን በሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ነው፤ ስመለስ ሄጄ አይቼዋለሁ። ሰው በፈረሶቹ ብዛት ይደነቃል። እኔ ባዶውን ቦታ ስፈልግ ቆየሁ።

የጓደኛዬም ችግር የማስረጃ ችግር ነው። የዓድዋ ቅርፆች ከውጭ አምራቾች ይገዛሉ፤ ቀለሙን የሚወስነው ግን ቀቢው ነው። የጣሊያን ወታደር ምን እንደለበሰ ደንብ ልብሱ ተጽፎ ይገኛል። የእኛን ማን ጻፈው? የዘመኑ ሥዕሎች አሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በነጭ ፈረስ፣ የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ጠላት ደግሞ በጎን ፊቱ። ሠዓሊው በልማድ ነው የሣለው፤ ለመስቀለኛ ጥያቄ አይቀርብም። ፎቶግራፉም ጥቁርና ነጭ ነው። ጓደኛዬ እንደሚለው፣ አንዳንድ ገዢ ለመቀባት ስለሚቀለው መላውን ጦር በረዶ የመሰለ ነጭ ያለብሰዋል። «ከየአገሩ ለወራት በእግሩ የመጣ ሰው ሸማ እንዴት ነጭ ይሆናል?» እያለ እሱ አቧራውን ይቀባል። እዚህ ላይ ፈርጄለታለሁ።

በመጨረሻዋ ምሽት ሦስት እንግሊዛውያን ጓደኞቹ ለጨዋታ መጡ። ሁሉም ኢትዮጵያን መረጡ። የሚያሸንፈውን ወገን የማይፈልግ የለም። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ጣሊያን የምሆነው እኔ ነኝ» አለ ጓደኛዬ፤ ከዚያም ከመጨረሻው ካርቶን ሰማንያ ቅርፆች አውጥቶ ፊቴ ደረደረ። ወደ 4,000 የሚጠጋው የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ ነው፤ አብዛኛው ኤርትራዊ አስካሪ። ቀይ ታርቡሽ፣ ነጭ ሱሪ። ፊታቸውን አንድ በአንድ ለያይቶ ነው የቀባው፤ ከሁሉም ብዙ ሰዓት የወሰዱበት እነሱ ናቸው። ከድሉ በኋላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምርኮኛ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን መቆረጣቸውን አንባቢ ያውቃል። «እነሱን እንግዳ ሰው እንዲያንቀሳቅሳቸው አልፈልግም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያን ቀን የወገን ልጅ ነው የወገኑን ልጅ የገጠመው። አንተ ያዛቸው።»

ቀጥሎ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤ ጄኔራል ባራቲየሪ ለአዛዦቹ ያደለው ንድፍ ካርታ። በንድፉ ላይ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ በተሳሳተ ቦታ ነው የተጻፈው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አልቤርቶኔ ስሙን ተከትሎ ወደ እውነተኛው ኮረብታ ሲገሰግስ ከሌሎቹ ብርጌዶች ርቆ ብቻውን ቀረ። እኔ ይህን ስለማውቅ ጦሬን ከቦታው አላንቀሳቅስም አልኩ። እንግሊዞቹ ሳቁ።

«አይቻልም» አለ ጓደኛዬ። «አልቤርቶኔ ያላወቀውን ማወቅ አትችልም።»

ልከራከር አልኩ፤ ግን ሰው የሚዳኘው ድርጊቱን ሲፈጽም በሚያውቀው ልክ መሆኑን አንድ ክፍል ተቀምጠን ነው የተማርነው። በቤቱ ሕግ መሠረት ዳይስ ይጣላል፤ ከአንድ እስከ አራት ከወጣ ብርጌዱ ወደ ፊት ይሄዳል።

ጣልኩ። ሁለት ወጣ። ሰማንያዎቹን አንድ በአንድ እያነሣሁ፣ በአረንጓዴው ጨርቅ ላይ ሃያ ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት አስጠጋኋቸው። ጓደኛዬ ሜትሩን ይዞ፣ «ትንሽ ይቀራል፤ ጨምር» ይለኛል።