በፌስታል የቆየ ኖታ

በጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ ሙዚቃ በጆሮ ነው የሚወረሰው። ቀትር ላይ ከድሬዳዋ በኩል የመጣው ጫት ሰፈሩ ሲደርስ በየደጁ ዘፈን ይከፈታል፤ ኖታ ግን የትም አይታይም። አገሪቱ ዘፈኗን ያኖረችው በቴፕ ነው፦ የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ማኅደር ከ5,000 በላይ ሪልና ካሴት ይዟል። እንዲህ ባለ ቦታ የዜማ ደራሲው ፊርማ ያረፈበትን ኖታ መሰብሰብ የቅንጦት ሥራ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ወረቀቱ ብርቅ በሆነበት አገር ሰብሳቢው ይበልጥ ያስፈልጋል እላለሁ።

የተፈረመ ኖታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የታተመ ኖታ ሆኖ ደራሲው በኋላ ስሙን የጻፈበት ነው። ሁለተኛው ደራሲው ራሱ በእጁ የጻፈው ሲሆን፣ ዋጋው ሰማይ የሚነካው ይህኛው ነው፤ የጉስታቭ ማህለር የሁለተኛው ሲምፎኒ የእጅ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ4.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል። በእጅ ጽሑፍ ላይ የተሰረዘው መስመር፣ የተደለዘው ነጥብ፣ ሐሳቡ የተቀየረበት ቦታ ሁሉ ይታያል። የታተመው ኖታ ይህን ሁሉ አጽድቶ ነው የሚያቀርበው።

የእኛው ትልቁ ምሳሌ የፒያኖ ዜማ ደራሲዋ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ካይሮ ሙዚቃ ተማሩ፤ ከመነኮሱ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኖሩት ኢየሩሳሌም፣ ደብረ ገነት ገዳም ነው። ፒያኒስቷ ማያ ዱኒዬትዝ ልትጠይቃቸው ስትሄድ፣ እማሆይ የተጨማደዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፌስታሎች አስረከቧት። ውስጣቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች ነበሩ፤ በስድሳ ዓመት ውስጥ በእርሳስ የተጻፉ፣ ቅደም ተከተላቸው የተዘባረቀ። ሥራዎቹ ተለቅመው እ.ኤ.አ. በ2013 በመጽሐፍ ታተሙ። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ2023 አረፉ። እነዚያ ፌስታሎች ቢጣሉ ኖሮ ምን ያህሉ ዜማ አብሮ ይቀበር እንደነበር ሳስብ ይጨንቀኛል።

ዜማን ጽፎ ማኖር ለእኛ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን ሠርተዋል፤ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነውን ድጓን ገልጦ ያየ ሰው ከቃሉ በላይ የተደረደሩትን ደቃቅ ፊደላት ያውቃቸዋል። በብራና መጻሕፍትም መጨረሻ ላይ የጻፈውና ያጻፈው በስማቸው ጸሎት ሲለምኑ ይገኛሉ። እኔ ይህን የፊርማ ታላቅ ወንድም አድርጌ ነው የምቆጥረው።

ጅቡቲ ውስጥ የተፈረመ ኖታ መሰብሰብ ለመጀመር የሚፈልግ ሰው ዓይኑን የሚጥልበት ስም አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1977 አገሪቱ ነጻ ስትወጣ የብሔራዊ መዝሙሩን ዜማ የደረሰው አብዲ ሮብሌህ። ፊርማ ሲገኝ ግን ከደስታ በፊት አጉሊ መነጽር ይቅደም። ከኖታው ጋር አብሮ የታተመ ፊርማ በመነጽር ሲታይ በደቃቅ ነጠብጣብ የተሞላ ወይም እንደ ኖታው መስመር ዝርግ ይሆናል። የእጅ ፊርማ ግን ቀለሙ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል፤ በእስክርቢቶ የተጻፈ ከሆነ ወረቀቱ ገልበጥ ተደርጎ ወደ ብርሃን ሲያዘነብል የተጫነው መስመር ጎልቶ ይታያል። በእርሳስ የተጻፈው ደግሞ ያብለጨልጫል።

ቡላኦስ ለወረቀት ርኅሩኅ አይደለም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከባሕሩ እርጥበት ይመጣል፣ ካምሲን የተባለው ነፋስ ሲነሣ አቧራው በየቀዳዳው ይገባል። ላሚኔት ማድረግም ሆነ በፕላስተር መለጠፍ ኖታውን ለዘለቄታው ያበላሸዋል። አሲድ በሌለው አቃፊ አድርጎ፣ ከፀሐይና ከወጥ ቤት አርቆ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቁም ሣጥን አስተኝቶ ማስቀመጥ ይሻላል። የእርሳስ ጽሑፍ በብርሃን ባይደበዝዝም በጣት ንክኪ ይደመሰሳል፤ በየገጹ መሀል ንጹሕ ወረቀት ይግባበት። ኖታው ከማን፣ የት፣ መቼ እንደተገኘ ደግሞ በሌላ ወረቀት ላይ ተጽፎ አብሮት ይቀመጥ፤ የሰብሳቢው ልጆች አንድ ቀን ሣጥኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ያቺን ወረቀት ነው።