የድርቅ ጊዜ ክፍያ እና የመድረሻ ጊዜው፦ የልማታዊ ሴፍቲኔት መጠባበቂያ በጀት ተሞክሮ

ዝናብ በቀረበት ዓመት አንድ የአርሶ አደር ቤተሰብ የሚወስዳቸው እርምጃዎች በአብዛኛው ቅደም ተከተል አላቸው። በመጀመሪያ የዕለት ምግቡን ይቀንሳል፤ ቀጥሎ በግና ፍየሉን ይሸጣል፤ በመጨረሻም ለዘር ያስቀመጠውን እህል ይበላል፣ የእርሻ በሬውንም ገበያ ያወጣል። በሬው ከተሸጠ ቀጣዩ ክረምት ያማረ ቢሆን እንኳ ማሳው በወቅቱ አይታረስም። ስለዚህ መንግሥት ለድርቅ ተጎጂዎች የሚሰጠው ክፍያ ፋይዳ የሚለካው በመጠኑ ብቻ አይደለም፤ ከበሬው ሽያጭ በፊት በመድረሱ ወይም ባለመድረሱም ጭምር ነው።

ከ1997 ዓ.ም. በፊት ድጋፉ የሚመጣው በየዓመቱ በሚቀርብ የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ነበር። የምርት ግምገማ፣ የእርዳታ ጥያቄ፣ የለጋሾች ቃል ኪዳንና የእህል ማጓጓዝ ተራ በተራ ስለሚከናወኑ እርዳታው ብዙ ጊዜ ይዘገያል። በዚያው ዓመት የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሥር የሰደደ የምግብ ዋስትና ችግር ላለባቸው ወረዳዎች መደበኛ ክፍያ አመጣ። መሥራት የሚችሉ የቤተሰብ አባላት በወር 5 ቀን በማኅበረሰብ ልማት ሥራ ይሳተፋሉ፤ አቅመ ደካሞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

ድርቅ ግን በመዝገብ የሠፈሩትን ብቻ መርጦ አይመታም። በመሆኑም በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ምዕራፎች 20 በመቶ የመጠባበቂያ በጀት ተይዞ ነበር፤ 5 በመቶው በወረዳ፣ 15 በመቶው በክልል ደረጃ። ከዚህ በላይ ለሆነ ጉዳት በፌዴራል ደረጃ የስጋት ፋይናንስ ሥርዓት ተዘረጋ። የአደረጃጀቱ መነሻ ቀላል ነው፤ አነስተኛ ጉዳት ሲደርስ ወረዳው የበላይ አካልን ውሳኔ ሳይጠብቅ ይከፍላል።

የ2003 ዓ.ም. ድርቅ ለዚህ ሥርዓት ትልቅ ፈተና ሆነ። 6.5 ሚሊዮን ነባር ተጠቃሚዎች የድጋፍ ጊዜያቸው ተራዘመ፤ ሌሎች 3.1 ሚሊዮን ሰዎችም ለ3 ወራት ተካተቱ። በተለመደው አሠራር 8 ወር ገደማ የሚፈጀው ምላሽ በ2 ወር ገደማ ደረሰ። ፍጥነቱን ያስገኘው ገንዘቡ አስቀድሞ መያዙ ብቻ ሳይሆን፣ የተጠቃሚዎች መዝገብ፣ የቀበሌ ግብረ ኃይልና የክፍያ ሠራተኞች ቀድመው በቦታው መገኘታቸው ነው።

ሆኖም ሥርዓቱ ሁለት ወሰኖች አሉት። አንደኛው ዋጋ ነው። በመነሻው የቀን ክፍያ 6 ብር ሲሆን፣ 3 ኪሎ ግራም ያህል እህል እንዲገዛ ታስቦ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ክፍያው ወደ 8 ብር ቢያድግም ገበያውን አልደረሰበትም፤ ብዙ ቤተሰቦችም ከገንዘብ ይልቅ እህል መረጡ። ሁለተኛው ስፋት ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ ሳቢያ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ሳይቆጠሩ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች አስቸኳይ እርዳታ ፈለጉ። እንዲህ ያለውን ቁጥር የወረዳ መጠባበቂያ አይሸከመውም፤ ፕሮግራሙ ባልገባባቸው ወረዳዎች ደግሞ የሚሰፋ መዝገብ የለም።

ከዚህ የሚመነጨው የጥናት ጥያቄ የጊዜ ጥያቄ ነው። የክፍያ ሪፖርቶች ስንት ብር ለስንት ሰው እንደተሰጠ ይናገራሉ። ክፍያው የአርሶ አደሩን ጥሪት ማትረፉ የሚታወቀው ግን ዝናቡ ከቀረበት፣ ገንዘቡ ከደረሰበትና በሬው ከተሸጠበት ቀን ጋር ጎን ለጎን ሲመዘን ነው።