ከመቅኒ ንቅለ ተከላ በኋላ፦ እንደገና የሚማር ሰውነት

በልጅነቱ በማንኩሳ የኩፍኝ ክትባት የወሰደ ሰው፣ በደም ካንሰር ታሞ ከለጋሽ የመቅኒ ንቅለ ተከላ ቢደረግለት፣ የቀድሞው መከላከያ ይቆይለታልን? ብዙውን ጊዜ እየመነመነ ይጠፋል። ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው ብርቱ መድኃኒት ወይም ጨረር፣ የታመመውን መቅኒ ሲያጠፋ ያለፈን በሽታ የሚያስታውሱትን ሕዋሳትም ይጎዳልና።

የለጋሹ ግንደ ሕዋሳት ባክቴሪያን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ውስጥ ያስገኛሉ። ቲ-ሕዋሳት ግን ታይመስ በተባለው ዕጢ ይሠለጥናሉ፤ ዕጢው በዕድሜ ስለሚመነምን፣ በአዋቂ ሰው እስኪሟሉ ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ስለዚህ የደም ቆጠራው ተስተካከለ ስንል መከላከያው ተሟላ ማለታችን አይደለም። ታካሚው እንደ ሕፃን ዳግም ይከተባል፤ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት የኩፍኝ ክትባት ግን ቢያንስ 2 ዓመት ይዘገያል። እስከዚያው የማንኩሳ ሕፃናት መከተብ ለእርሱም ጋሻ ነው።