«አበደች» የተባለች ሴት በልብ ወለድ መጻሕፍት

አንዲት ወይዘሮ እህል አልበላ ሲላት፣ ከሰው መነጋገር ስታቆም፣ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣትና ያለ ምክንያት ስታለቅስ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የሚሰጠው ስም አያጣም። ቡዳ በልቷታል ይባላል፤ ለክፏታል ይባላል፤ ዛሯ ተቈጥቷል ይባላል። «ለመሆኑ በስንት ዓመቷ ተዳረች? ባሏስ እንዴት አድርጎ ይዟታል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ ደፍረው ካነሡት መካከል የልብ ወለድ ደራሲዎች ስለሚገኙ፣ ዛሬ ከባሕር ማዶም ከጣና ዳርም ጥቂት መጻሕፍት መርጠን ከአንባብያን ጋር እናወጋለን።

በአሜሪካ አገር ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን የምትባል ደራሲ ነበረች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ ብርቱ ኀዘን ያዛትና አልለቃት አለ። በ1887 በዘመኑ ስመ ጥር ወደ ነበረው የነርቭ ሐኪም ወደ ሳይላስ ዊር ሚቸል፣ ፊላዴልፊያ ድረስ ሄደች። የሐኪሙ መድኃኒት ዕረፍት ነበር፤ ይኸውም በሽተኛዋ አልጋ ላይ ተኝታ፣ ጠግባ እየበላች፣ ምንም ሳትሠራ እንድትቈይ ነው። ወደ ቤቷ ሲያሰናብታትም አእምሮዋን በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳታሠራ፣ ብዕርም ሆነ የሥዕል ብሩሽ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እንዳትጨብጥ አዘዛት። ሴትዮዋ ትእዛዙን ሦስት ወር ያህል ከጠበቀች በኋላ ወደ እብደት አፋፍ መድረሷን ራሷ ጽፋለች። በመጨረሻ ምክሩን ጥላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ከባሏም ተለየች።

ከዚህ መከራ የተወለደው አጭር ታሪክ «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» ይባላል፤ የታተመው በ1892 ነው። ባለታሪኳ የሐኪም ሚስት ናት። ባሏ ይወዳታል፤ ክፉ ቃል አይናገራትም፤ ነገር ግን «እኔ ዐውቅልሻለሁ» እያለ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ባለው ሰገነት ላይ ያስቀምጣታል፤ መጻፍንም ይከለክላታል። ሴትዮዋ ሥራ ስታጣ የግድግዳውን ወረቀት መመልከት ትጀምራለች። ቀን ከቀን ስታየው ከሐረጉ ሥዕል በስተጀርባ አንዲት ሴት ታስራ ስትድህ ይታያታል፤ እርሷን ለማስፈታትም ወረቀቱን ቦጫጭቃ ትጥለዋለች። (በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ እሱስ ቢያንስ ይነበባል።) የታሪኩ አስፈሪነት ከባልዮው ደግነት ላይ ነው። የሚደበድብ ባል ቢሆን ኖሮ ጎረቤትም ይሰማ፣ ሽማግሌም ይገባ ነበር፤ በፍቅርና በሕክምና ስም የሚቈልፍን ባል ግን ማን ይከሰዋል?

ቀደም ሲል በ1847 እንግሊዛዊቱ ሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» በተባለው መጽሐፏ የባለጸጋውን ሚስት ከላይኛው ፎቅ አስቈልፋባታለች። ያቺ እብድ ሴት በመጽሐፉ ውስጥ ትጮኻለች እንጂ ታሪኳን አትናገርም። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ1966፣ ጂን ሪስ የምትባል ደራሲ ሌላ መጽሐፍ ጽፋ ለዚያች ሴት አንደበት ሰጠቻት።

ወደ አገራችን እንመለስ። አራስ በእኛ ዘንድ ብቻዋን አትተውም፤ ገንፎ ይገነፋላታል፤ ጠያቂ ይመላለስባታል። በዚህ ረገድ ከአሜሪካዊቱ የተሻለ ዕድል አላት ለማለት ይቻላል። ልቧ ሲታመም ግን መናገሪያዋ ብዙ ጊዜ ዛር ሆኖ ኖሯል። በ1924 ዓ.ም. ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ ጎንደር ላይ መልካም አየሁ ከምትባል ባለዛር ቤት ለወራት እየተመላለሰ ያየውን በማስታወሻው መዝግቧል። ባለዛሯ የታመመችውን ሴት ተቀብላ፣ በከበሮና በጭብጨባ ዛሩን ስሙን ታስወጣዋለች። ዛሩ ጋላቢ ነው፤ ሴቲቱ ፈረሱ ናት። በለሆሳስ ትናገር የነበረች ሴት በዚያች ሰዓት እንደ ጦር ሰው ትፎክራለች፤ ሽቱ፣ ጌጥ፣ አዲስ ቀሚስ፣ መልኩ የተመረጠ ዶሮ አምጡ ትላለች።

ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ጉዳይ መርምሮ፣ ሚስት በራሷ አፍ ብትጠይቅ የማታገኘውን ነገር በዛሯ በኩል ከባሏ እንደምትቀበል አስረድቷል። ሌሪስ ደግሞ ነገሩን ከቴአትር ጋር አስተያይቶታል። እንግዲህ ብዕር ያልጨበጠች የጎንደር ሴት፣ ባለታሪኩም ተዋናዩም እርሷ የሆነችበት ልብ ወለድ ነበራት ብንል ከእውነት አንርቅም። ነገር ግን የዛሩ ፉከራ ሲያበቃ ሴትዮዋ የቀድሞዋ ሚስት ናት፤ ቀሚሱ አዲስ ነው እንጂ ኑሮው ያው ነው። ሐኪም ሊረዳው የሚችለው ሕመም ደግሞ በዚህ መካከል ሥር ይሰድዳል።

ከጣና ደሴቶች ወገን የምትነሣ ሌላ ሴት አለች፤ እርሷም ወለተ ጴጥሮስ ናት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ሱስንዮስ ባለሟል የነበረውን ባሏን መልክአ ክርስቶስን ትታ መነኮሰች፤ በጣና ዙሪያም ማኅበር መሥርታ መራች። ገድሏ ልብ ወለድ አይደለም፤ ነገር ግን የአንድ ሹም ሚስት ከቤት ለመውጣት የነበራት በር ምን ያህል ጠባብ እንደ ነበረ ከእርሱ የተሻለ የሚያሳይ ጽሑፍ አላጋጠመንም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲም የዚሁ የጣና ዳር ሰው ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተወለደው ዘጌ ነው፤ መጽሐፉን በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ አሳተመ። ጦቢያ የተባለችው ልጅ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር መንገድ ስትወጣ የወንድ ልብስ ትለብሳለች። በሴት ልብስ መሄድ አይቻላትምና።

ከ58 ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያወጡ ሌላዋ ልጅ ሰብለ ወንጌልም ከጎጃም የምትሸሸው የመናኝ ልብስ ለብሳ ነው። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ባል የለም እያሉ የመጣውን ሁሉ ይመልሳሉ፤ ልጅቱም የእኩዮቿን ሠርግ እያየች ቤት ትቀራለች። ከመምህሯ ከበዛብህ ጋር መዋደዷ የኋላ ኋላ የሚያመጣው መዘዝ ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። እኛን የሚያስገርመን ግን ሌላ ነው። በዚያ መጽሐፍ «እብድ» የተባለው ወንድ ነው። ካሣ ዳምጤ ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ፣ ስለ ልማድና ስለ ጋብቻ እውነቱን በመናገሩ «ጉዱ ካሣ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ እንደ ልቡ ይናገራል፤ ስሙም ከለላ ይሆነዋል። ሰብለ ያንኑ ብትናገር ኖሮ ጉድ ተብላ ብቻ አትቀርም ነበር። ስለዚህ ደራሲው እብደቱን ለወንዱ፣ ዝምታውንና ቆቡን ለሴቲቱ ሰጡ። ይህ የአገሩን ወግ የሚያውቅ ሰው ፍርድ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ እንዶዳም ተወልደው በዲማም ቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ጎጃሜ ናቸውና።

ከመጽሐፉ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ ባልን የቤቱ አለቃ አድርጎ ሚስትን በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያስገድድ ነበር። ይህ የተለወጠው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ሲሆን፣ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ሆነ። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተሙት በ1942 ዓ.ም. ነው። በአዚናራ ደሴት የጣሊያን እስር ያዩ፣ ኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩና የፓርላማ አባል የሆኑ ሴት ናቸው። የታሰረች ሴት ብዕር ስትጨብጥ ምን እንደምትጽፍ ከእርሳቸው ይታያል፤ የጻፉት ግን በይበልጥ ስለ አገርና ስለ አርበኞች ነበር። የቤት ውስጡን እስር በሴት ብዕር ለማንበብ አንባቢ ገና መጠበቅ ነበረበት።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ ለሰብለ ያላለቀሰ አድማጭ ጥቂት ነው። እናቷ ወይዘሮ ጥሩአይነት ግን በባላቸው ትእዛዝና በልጃቸው ኀዘን መካከል ተይዘው፣ አንዱንም ሳያስቀይሙ ለመኖር ሲደክሙ ይታያሉ፤ ስለ መጽሐፉ ብዙ ጨዋታ ሰምተናል፤ የእርሳቸውን ስም አንሥቶ ያዘነ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመንም።