ልጅዎን በቡድን ምርጫ ሰሞን እግሩን ወለም ቢለው

በካኩማ ድንጋያማ ሜዳ ላይ ወለምታ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። የታዳጊዎች ቡድን ምርጫ ሲደርስ ግን ልጆች ‹‹ተጎዳሁ ካልኩ እቀራለሁ›› ብለው ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ስለዚህ ልጅዎ ሲያነክስ ካዩ አይቆጡት፤ ቀስ ብለው ይጠይቁት።

ምን ያድርጉ?

1. ለመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እግሩን ያሳርፍ።
2. በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል፣ በቀን ደጋግመው ያድርጉለት።
3. በፋሻ ይጠቅልሉለት፤ ጣቶቹ ከደነዘዙ ያላሉት።
4. ሲተኛ እግሩን ከፍ አድርገው ያስደግፉለት።
5. አይሹት፣ አይጎትቱት። ስብራት ካለ ይብስበታል።

4 እርምጃ መራመድ ካቃተው ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ካመመው፣ ወጌሻ ዘንድ ሳይሆን ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት።

አሰልጣኝ ከሆኑ ደግሞ የተጎዳውን ልጅ ከቡድኑ አያርቁት። ኳስ ያቀብል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይዋል። ሲድን የሚፈተንበትን ቀንም ይንገሩት፤ ያን ጊዜ ሕመሙን አይደብቅም። ሳያመው መሮጥ፣ በተጎዳው እግሩ ብቻ መዝለልና በፍጥነት መታጠፍ ሲችል ይጫወት። ሳይድን የተመለሰ ልጅ በቀላሉ ዳግመኛ ይጎዳል።

ምርጫ ሌላ ጊዜም ይኖራል፤ እግሩ ግን ዕድሜ ልኩን የሚቆምበት ነው።